ከጨጓራ ቅነሳ ኦፕሬሽን በኋላ እንቅልፍ ሲጠፋ፦ ከክኒን በፊት ምን ይጠየቅ?

ነርስ ከቡሬ | ሰኞ ማታ 2:10

ጤና ይስጥልኝ። ክብደት ለመቀነስ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ሄደው ጨጓራቸውን አሳንሰው የሚመለሱ ሰዎች አሁን አሁን እኛ ዘንድም ለክትትል ይመጣሉ። የሚበዙት ስሊቭ የተሠራላቸው ናቸው፤ ጨጓራው ተቆርጦ እንደ ቱቦ የቀጠነላቸው ማለት ነው። ባይፓስ የተሠራላቸውም አሉ፤ ጨጓራው አንሶ ምግቡ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ አልፎ እንዲገባ የተደረገላቸው ማለት ነው። ቁስሉ ይደርቃል፣ ኪሎውም ይወርዳል፣ አንድ አቤቱታ ግን አይቀርም፦ «ዓይኔ ፍጥጥ እንዳለ ይነጋል።» ቀጥሎ የሚጠየቀው የእንቅልፍ ክኒን ነው።

ይዘውት የሚመጡት የመመሪያ ወረቀት ስለ ፈሳሽና ስለ ፕሮቲን በደንብ ያብራራል፣ ስለ እንቅልፍ ግን ዝም ነው። ቀዶ ሐኪማቸው አባይን ተሻግሮ ነው ያለው። ክኒን ከመጻፉ በፊት ምን ምን ይጠየቅ? ቤት ውስጥስ ምን ይስተካከል? የሙያው ሰዎች እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልን፤ ጤና ጣቢያ ላይ ላለን ሁሉ ይጠቅማል።

ሐኪም ከማርቆስ | ሰኞ ማታ 3:05

እህቴ፣ «እንቅልፍ የለኝም» አንድ በሽታ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኦፕሬሽኑ ከተሠራ ስንት ጊዜው እንደሆነ ነው። ከዚያ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነቃና ልክ ሲነቃ ምን እንደሚሰማው ይጠየቃል። መልሱ ግማሹን መንገድ ያሳይሻል።

ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተሽ የልብ ምቱን ቁጠሪ። ጋደም ብሎ እያረፈ በደቂቃ ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ትኩሳት ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ፣ የሆዱ ሕመም እየባሰ ከሄደ ወይም ወደ ግራ ትከሻው ከተሰማው፣ የተሰፋው ቦታ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ «አመመኝ» ብሎ አይጀምርም። «ጨነቀኝ፣ መተኛትም መቀመጥም አቃተኝ» ነው የሚለው። ጭንቀት ነው ተብሎ ዲያዜፓም ቢሰጠው ምልክቱ ይሸፈንና ሁለት ቀን ይባክናል። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ፤ እንደየቅርበቱ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር።

አንድ እግሩ ብቻ ያበጠና ባቱ ላይ የሚያመው ከሆነም አይታደርበት። ከአዲስ አበባ እስከ ጎጃም ያለው የመኪና መንገድ ረጅም ነው፣ ከኦፕሬሽን በኋላ ደግሞ ደም በእግር ሥር ይረጋል። የረጋው ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል።

እነዚህ ከሌሉ ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ገና ጋደም ሲል የሚያቃጥለውና የሚያስለው፣ ቀና ሲል የሚሻለው፣ አሲድ ነው። ስሊቭ የተሠራለት ሰው ላይ ይህ ይበዛል፤ ጨጓራው ጠቦ ግፊቱ ስለጨመረ አሲዱ በቀላሉ ወደ ላይ ይመለሳል። ብዙዎቹ ደረታቸው ሥር የሚሰማቸውን መፋቅ ረሃብ ይመስላቸውና ሌሊት ተነሥተው ይበላሉ፤ በማግስቱ ይብስባቸዋል። ምሽት ላይ እግሩን የሚወርረው፣ አላስቀምጥ የሚለው ከሆነ በደሙ ያለው ብረት ይታይ። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ላብ አጥምቆት፣ ልቡ እየመታ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚነቃ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለሽንት እየተነሣ የሚያድረው ቀን ያልጠጣውን ውኃ ማታ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ወደ 10 ሰዓት ሌሊት ነቅቶ የማይተኛ፣ ሲነጋ ከአልጋው መነሣት ሞት የሚመስለው፣ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ያስጠላው ከሆነ ድብርት መኖሩን ጠይቂ። ከዚህ ኦፕሬሽን በኋላ ድብርት የሚይዛቸው አሉ። ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነም በቀጥታ ይጠየቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም።

አባይ ዳር | ሰኞ ማታ 3:20

ለአሲዱ ሦስት አራት ትራስ ደራርቦ መተኛት ፍቱን ነው። ማታ ደግሞ ትኩስ ወተት በማር ይጠጣ፣ እንቅልፍ ያመጣል።

ፊዚዮ ባሕር ዳር | ሰኞ ማታ 3:48

ወንድሜ፣ በቀናነት እንደተናገርከው አውቃለሁ፤ ትራስ መደራረቡ ግን ያባብሰዋል። ትራሱ ጭንቅላትንና ትከሻን ብቻ ነው የሚያነሣው። ሰውየው ከወገቡ ይታጠፋል፣ ሆዱ ይጨመቃል፣ የተጨመቀው ሆድ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። መነሣት ያለበት ከወገብ ወደ ላይ ያለው አካል በሙሉ፣ ሳይታጠፍ፣ እንደ ቁልቁለት ዘንበል ብሎ ነው።

አልጋው እግር ካለው በራስጌ በኩል ያሉትን ሁለቱን እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ለዚህ ወፍራም ጣውላ ይሻላል። ጡብ በአልጋው እግር ሥር ብቻውን ሲሆን ይሰነጠቃል ወይም ያንሸራትታል። የጣውላውን መሃል በመሮ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቦርቦር አድርጉትና የአልጋው እግር እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱ ጣውላዎች እኩል ካልሆኑ አልጋው ይነቃነቃል፣ ሰውየው በየግልብጡ ይነቃል።

መደብ ላይ የሚተኛ ሰው እግር የሚያነሣለት አልጋ የለውም። ለእሱ የስፖንጅ ሽብልቅ ይቆረጥለት፦ ርዝመቱ 60 እስከ 70፣ ስፋቱ 60፣ ወፍራም ጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው ጫፍ ወደ ዜሮ የሚቀጥን። ፍራሽ የሚሠሩ ሰዎች ከሚተርፋቸው ቁራጭ ይሠሩታል። ጠንካራው ስፖንጅ ይሁን፤ ለስላሳው በሳምንት ውስጥ ይሟሽሽና ከትራስ አይለይም። ቀጭኑ ጫፍ ከወገብ በታች፣ መቀመጫ ላይ መጀመር አለበት፤ ብዙ ሰው ከጀርባው መሃል ያስጀምረውና ወገቡን ያመዋል። ስፖንጅ ካልተገኘ ጆንያ በጭድ ተሞልቶ በዚያው ቅርጽ ጥብቅ ብሎ ሊሰፋ ይችላል፣ በየሳምንቱ ግን ጭዱ ይደቃልና ይጨመርበት።

ሌሊት ወደ ግርጌ መንሸራተት የተለመደ ነው። ጋቢ ጠቅልሎ ከጉልበት በላይ፣ ከጭን ሥር ማድረግ ይይዘዋል። በጎን መተኛት ከቻለ በግራ ጎኑ ይሁን። በዚህ አኳኋን ጨጓራው ከጉሮሮ ቱቦው በታች ስለሚሆን አሲዱ ቶሎ አይመለስም። ቁስሉ ገና ከሆነ ሲነሣ ቀጥ ብሎ በሆዱ ኃይል አይነሣ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ትከሻውንና ዳሌውን አንድ ላይ ወደ ጎን ገልብጦ፣ እግሩን ወደ ታች አውርዶ በክንዱ ይግፋ። ሌሊት አንዴ በስህተት ብድግ ብሎ የተሰማው የውጋት ስሜት እስኪነጋ እንቅልፍ ይነሣል።

ሥነ ምግብ ሞጣ | ማክሰኞ ጠዋት 2:30

ስለ ወተትና ማሩ እኔ ልመልስ። በተለይ ባይፓስ ለተሠራለት ሰው ማር ያለው ትኩስ መጠጥ ማታ መስጠት እንቅልፉን የሚነሣው ነገር ነው። ጣፋጩ በተለይ በፈሳሽ መልክ ሲሆን ሳይቆይ ወደ ትንሹ አንጀት ዘው ይላል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ላብና የልብ መምታት ይመጣል። ሰውነት ለዚያ ሁሉ ስኳር ብዙ ኢንሱሊን ይለቃል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ማታ 3 ሰዓት የጠጣው 6 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰዋል ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው መውረድ ብዙ ጊዜ ኦፕሬሽኑ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ «ድሮ እኮ ይስማማኝ ነበር» ማለት ዋስትና አይሆንም።

እዚህ ላይ የአገራችን ደግነት ራሱ ችግር ያመጣል። የታመመ ሰው ሲጠየቅ የሚመጣው የአጃ አጥሚት በማርና በቅቤ፣ ወይም ገንፎ ነው። አጥሚቱ ራሱ ሊቀር ግድ አይደለም። ማሩና ስኳሩ ይቅር፣ ቅቤው ለጣዕም ያህል ብቻ ይሁን፣ ወተት ከተስማማው በወተት ይቀቀል፣ ግማሽ ስኒ በማንኪያ ቀስ እያለ በ20 ደቂቃ ይውሰድ። ለጠያቂዎች ይህን የሚነግር አንድ የቤት ሰው ይመደብ፤ በሽተኛው ራሱ እምቢ ለማለት ይቸግረዋል።

እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ያልቅ። ማታ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው 1 ሰዓት ላይ በልቶ ይጨርስ። በብዙ ቤት እራት የሚቀርበው ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፣ ለዚህ ሰው ቀድሞ ለብቻው ይቅረብለት። እራቱ ላይ ፕሮቲን ይቅደም፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል፣ አንድ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) ወተት 6 እስከ 7፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ያህል። የቀኑ ግብ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ቀን ያልበላውን ማታ አጠራቅሞ የሚበላ ሰው ግን ግቡን ቢሞላም አይተኛም።

ፈሳሽ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር፣ እየተጎነጨ። ከምግብ ጋር አይጠጣ፣ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። የ1 ሊትር ኮዳ ጠዋት ሞልቶ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባዶ ማድረግ፣ ሁለተኛውን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መጨረስ ነው። ከዚያ በኋላ አፍ ማርጠቢያ ብቻ። ይህን የጠበቀ ሰው ለሽንት የሚነሣበት ቁጥር በግልጽ ይቀንሳል።

ስለ ቡና። በመጀመሪያው ወር ባይጠጣ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ከተጠጣ አቦሉ ብቻ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት። ከባይፓስ በኋላ ካፌይን ቶሎ ወደ ደም ይገባል፣ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ደግሞ ወደ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የከሰዓት በኋላው ጀበና ላይ መቀመጥ ጎረቤትነት ነውና አይከለከል፣ ስኒው ውስጥ ግን የጤና አዳም ውኃ ቢቀዳለት ማንም አይቀየመውም። ጫትም ያው እንቅልፍ ነሺ ነው፣ በላዩ ምግብና ውኃ ያስረሳል። ባሕር ዳር አካባቢ ላሉት ይህን ሳልጽፍ ባልፍ አይሆንም።

አረቄና ጠላ «ያስተኛል» የሚል ካለ፦ ከኦፕሬሽን በኋላ አልኮል ቶሎና ከፍ ብሎ ደም ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ያደነዝዛል፣ ሲወጣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ያስፈነጥራል። በተለይ ባይፓስ ከተሠራ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ወደ ሱሰኝነት የመግባት አደጋው ይጨምራል፤ ለእንቅልፍ ብሎ የጀመረ ሰው ደግሞ ሱስ መሆኑን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

ፋርማሲስት ፍኖተ ሰላም | ማክሰኞ ቀን 6:15

የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ በፌስታል ይዘው ይምጡ። ስሙን በቃል መናገር አይበቃም።

ከሁሉ በፊት የስኳር መድኃኒት ይታይ። ክብደቱ 20 ኪሎ የወረደ ሰው የድሮውን ግሊቤንክላሚድ እየዋጠ ከሆነ ወይም ማታ ማታ የድሮውን መጠን ኤንፒኤች ኢንሱሊን እየተወጋ ከሆነ፣ ሌሊት ላይ በላብ ተጠምቆ መንቃቱ የእንቅልፍ ችግር አይደለም። መድኃኒቱ በዝቶበታል። እንደነቃ ጣቱን ወግቶ ይለካ፤ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ወርዷል፣ ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም 15 ግራም ያህል፣ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ሲስተካከል እንቁላል ወይም ትንሽ ወተት ያስከትል። ደንግጦ ግማሽ ብርጭቆ ማር መጋት፣ ባይፓስ ላለው ሰው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ያወርደዋል። በማግስቱ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪም ጋ ይሂድ።

ፕላሲል ለማቅለሽለሽ በብዛት ይታዘዛል። አንዳንድ ሰው ላይ «ሰውነቴ ውስጥ የሚያሯሩጠኝ ነገር አለ» የሚያሰኝ እረፍት ማጣት ያመጣል፣ እግር የሚወርረውንም ያባብሳል። ከታየ ለሐኪሙ ይነገርና ይለወጥ። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም እግር መወረርን ያባብሳል፣ ኪሎም ይጨምራል፤ ለዚህ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም።

ትራማዶል ለሕመም እየወሰደ ያለ ሰው በላዩ ዲያዜፓም ከዋጠ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። በጣም ወፍራም የነበረና የሚያንኮራፋ ሰው ከሆነ አደጋው ይብሳል። ለሕመም ፓራሲታሞል 1 ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ፤ ጉበቱ ደካማ ለሆነ ያነሰ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራውን ያቆስላሉና አይነኩ። ማታ ማታ የሚያቃጥለው ቁስል ከእነሱ ሊሆን ይችላል።

ኦሜፕራዞል ማታ በመኝታ ሰዓት የሚውጡ አሉ፤ በዚያ ሰዓት በደንብ አይሠራም። ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ይዋጥ። ሌሊት አሁንም ከከበደ ሐኪሙ ከእራት በፊት ሌላ ሊጨምር ይችላል። ውኃ የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ካለ ጠዋት ይሁን፣ ማታ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ያስወጣል። ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተብሎ የተሠራ ክኒን ደግሞ ከባይፓስ በኋላ በትክክል ላይሟሟ ይችላል። ለድብርት የሚወሰድ መድኃኒትም እንደ ቀድሞው ላይሠራ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ስሜቱ የተለወጠበት ሰው ሐኪሙን ያናግር።

ነርስ ከቡሬ | ማክሰኞ ማታ 1:40

እግዜር ይስጥልኝ። እግር የሚወርረውን ከሌላው የእግር ሕመም እንዴት ልለየው? ምርመራውስ የትኛው ነው? እኛ ጋ የሚሠራው ሄሞግሎቢን ብቻ ነው።

ላብራቶሪ ዳንግላ | ማክሰኞ ማታ 2:25

አራት ነገር ይሟላ፦ እግሩን ካላንቀሳቀስኩ የሚል ግፊት ይኑር፣ ሲያርፍ ይጀምር፣ ሲራመድ ወይም ሲያፍታታው ይሻለው፣ ምሽትና ሌሊት ይባስ። «ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል» የሚለው አገላለጽ የተለመደ ነው። ቁርጥማት ግን ድንገት ጡንቻውን ጨምድዶ የሚይዝ፣ በእጅ ሲነካ ጠጥሮ የሚገኝ ሕመም ነው። መወረር ጡንቻ አያጠጥርም።

ሄሞግሎቢን ብቻውን አይበቃም። ብረቱ አልቆ ሄሞግሎቢኑ ገና ደህና ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ነው፣ ወደ ከተማ ሪፈር ሲባል በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። እግር የሚወርረው ሰው ፌሪቲኑ በሚሊ ሊትር 75 ናኖ ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ቢልም፣ ብረት ይታከማል። ኢንፌክሽን ወይም ቁስል ካለ ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሰውየው ትኩሳት ላይ እያለ አይለካ። ቢ12 እና ታይሮይድም አብረው ቢታዩ ጥሩ ነው።

የፌሮስ ሰልፌት 325 ሚሊ ግራም ክኒን ውስጥ ያለው ብረት 65 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ለመከላከል፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ይበቃል፣ ለማከም ግን ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ከቡናና ከሻይ ጋር ከተዋጠ ይባክናል፣ ካልሲየምም ይይዘዋል። በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ይኑር። ባይፓስ ብረት የሚመጠጥበትን የአንጀት ክፍል ስለሚያልፈው፣ ክኒን በአግባቡ ወስዶም ፌሪቲኑ ያልተነሣ ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ያስፈልገዋል። ክኒን እያለዋወጡ ወራት ማባከን ሰውየውን በእንቅልፍ ማጣት መቅጣት ነው።

ሐኪም ከማርቆስ | ማክሰኞ ማታ 2:50

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሕይወት የሚያድን ስለሆነ። ለቀናት ሲያስመልሰው የሰነበተ ሰው እንቅልፍ ማጣቱ ላይ መንገዳገድ፣ ለሁለት ማየት ወይም የዓይን መንቀጥቀጥ፣ ነገር መቀላቀል ከጨመረበት ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) አልቆበታል ብላችሁ ጀምሩ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ «ደክሟል» ተብሎ ግሉኮስ ብቻ ቢንጠለጠልለት አንጎሉ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ታያሚን በመርፌ ከግሉኮሱ ይቅደም። በእጃችሁ ቢ ኮምፕሌክስ ብቻ ካለ የታያሚኑ መጠን እንደየፋብሪካው ይለያያልና አምፑሉ ላይ ያለውን አንብቡ፤ ያንን ሰጥታችሁም ቢሆን ሪፈር ጻፉ።

ዲያቆን ከዲማ | ረቡዕ ጠዋት 3:00

ስለ ጾምና ስለ ማኅሌት ማንም አላነሣም። በእኛ አገር ሰው እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፣ ሌሊት ለኪዳንና ለሰዓታት ይነሣል። እንቅልፍ ያጣውን ደግሞ ዘመድ ጠበል ይወስደዋል። ለእነዚህ ምን ትላላችሁ?

ሥነ ምግብ ሞጣ | ረቡዕ ቀን 6:40

ዲያቆን፣ ጥሩ አነሡት። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ የዋለ ሰው የቀኑን ፈሳሽና ምግብ በሙሉ ምሽት ላይ ይጭናል። 150 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ጨጓራ ይህን አትችልም። አሲዱም፣ ሽንቱም፣ ማስመለሱም ሌሊት ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ንስሐ አባትን አማክሮ የሰዓቱን ጾም ማቆየት፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከሉን ግን ከቻለ መያዝ ይቻላል። የጾም ፕሮቲኑ ከሽሮ ይምጣ፤ 100 ግራም ደረቅ ዱቄት 20 ግራም ያህል አለው፣ ወፈር ተደርጎ ይሠራ፣ ቀጭን ሽሮ ውኃ ነው። ምስር ክክ፣ ሥልጆ፣ የተላጠ ባቄላ ይታከልበት። የሥጋ ወደሙ ቀን የሚጾመው 18 ሰዓት የስኳር መድኃኒት ለሚወስድና ገና ውኃ በአግባቡ መጠጣት ላልቻለ ሰው አደጋ አለው። ይህንንም ለአባቱ በግልጽ ይንገራቸው።

ጠበሉን መጠመቅ ቁስሉ ከደረቀ አይጎዳውም። የሚጎዳው ብዙ ጠጥቶ እንዲያስመልስ ማድረጉ ነው። የተሰፋ ጨጓራ ላይ ያ ግፊት አደገኛ ነው፣ ማስመለሱም ከላይ የተጻፈውን የቢ1 እጥረት ያመጣል። በትንሽ ኩባያ፣ በጉንጭ በጉንጭ ይቅመስ።

አእምሮ ጤና ደጀን | ረቡዕ ማታ 2:15

ምክንያቱ ተፈልጎ ከታከመ በኋላም እንቅልፉ የማይመለስ ሰው አለ። ሳምንታት ነቅቶ ያደረ አካል አልጋን ከመንቃት ጋር ያያይዘዋል። ለዚህ ክኒን አያስፈልግም፣ የአልጋ ሰዓት ማስተካከል ነው የሚሠራው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ግን አይጀመር፤ ያኔ ሰውነት ለመጠገን መተኛት አለበት። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍ ዝቅ ለሚል፣ ለሹፌርም ያለ ባለሙያ ክትትል አይሠራም።

ምሳሌ ልስጥ። ማታ 3 ሰዓት አልጋ ይገባል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሣል፤ አልጋ ላይ 9 ሰዓት ቆየ። ለአንድ ሳምንት ሲመዘገብ የተኛው በአማካይ 5 ሰዓት ተኩል ነው፣ ማለትም 61 በመቶ። እንግዲህ አልጋ ላይ የሚፈቀድለት 6 ሰዓት ይሁን። ከመነሻው ይጀመር፦ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜም እሑድም። ወደ ኋላ 6 ሰዓት ሲቆጠር መኝታው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እስከዚያ ወንበር ላይ፣ በደብዛዛ መብራት፣ ስልክ ሳይዝ ይቆይ። ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ከተፈቀደለት ጊዜ 85 በመቶውን ከተኛ መኝታው 15 ደቂቃ ይቅደም፣ 5:15። በየሳምንቱ እንዲህ እየቀደመ ይሄዳል። አልጋ ላይ የሚፈቀደው ጊዜ ግን ከ5 ሰዓት ተኩል በታች በምንም አይወረድ።

የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ቀን ያንቀላፋል። ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ አስቀድሞ ይነገረው። 20 ደቂቃ ያህል ሳይተኛ የቆየ ሲመስለው (ሰዓት እያየ አይደለም፣ ሰዓቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ይዙር) ከአልጋ ይነሣ፣ ጋቢውን ደርቦ ይቀመጥ፣ ዓይኑ ሲከብደው ይመለስ። ጸሎቱን ያኔ ቢያደርስ መልካም ነው። ማኅሌት የሚቆም ሰው በዚያ ሌሊት ከዚህ ነፃ ነው፤ በማግስቱ ከ9 ሰዓት በፊት ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ይረፍ። ክብደቱ ወርዶ የግፊት መድኃኒቱ ያልተቀነሰለት ሰው ግን ቆሞ ሲያድር ስለሚያዞረው አስቀድሞ ግፊቱን ይለካ።

ብርድም ይታሰብ። ስቡ የከሳ ሰው ይበርደዋል፣ ማርቆስና እንጅባራ ደግሞ ከፍታቸው ይታወቃል። እግር ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ይዘገያል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት እግሩን ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዝፍ፣ ካልሲ ያድርግ። በስኳር ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ውኃውን ሌላ ሰው በክርኑ ይለካለት።

ፊዚዮ ባሕር ዳር | ረቡዕ ማታ 2:40

ተኝተው ሳለ ትንፋሻቸው ለሚቋረጥ ሰዎች የሚሰጠውን የትንፋሽ ማገዣ ማሽን ከውጭ ይዘው የመጡ ካሉ፦ ክብደት ሲቀንስ ፊት ይከሳል፣ ጭምብሉ ይሰፋል፣ አየር ዓይን ላይ ይነፍሳል። ግፊቱም በድሮው ኪሎ የተስተካከለ ስለሆነ ይበዛና ሆድን በአየር ይነፋል። ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔው አይደለም፣ ግፊቱ ይስተካከል። «ማንኮራፋቴ ቆሟል» ብሎ ያለ ምርመራ መተውም አይገባም።

ነርስ ከቡሬ | ረቡዕ ማታ 3:30

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከነገ ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው የአንድ ሳምንት መዝገብ ልሰጥ ነው። ምን ምን ይጻፍበት?

አእምሮ ጤና ደጀን | ረቡዕ ማታ 3:50

ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ እራት የጨረሰበት ሰዓት፣ የመጨረሻው ቡና፣ አልጋ የገባበት፣ የነቃባቸው ሰዓታትና የተሰማው፣ የተነሣበት፣ የወሰደው መድኃኒት። ጠዋት ላይ በግምት ይሞላ፣ ሌሊት መብራት አብርቶ አይጻፍ።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍና ከላይ በትልቁ «በሐበሻ ሰዓት» ተብሎ ይሰመርበት። የስኳር መለኪያውና ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ሊሆኑ ይችላሉ። መለኪያው 2:30 ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሐኪሙ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ብሎ ካነበበው ከእራት በኋላ የተለካ ይመስለውና የሌሊቱን መውረድ ያልፈዋል።